«ቋንቋ አይጠይቅም» የሚባለው የውጭ አገር ሥራ የት ድረስ እውነት ነው?

ደሴ ፒያሳ ላይ በመብራት ምሰሶ የተለጠፈ ወረቀትም ሆነ በቴሌግራም የሚዘዋወር ማስታወቂያ ስለ ውጭ አገር ሥራ ሲናገር አንድ ሐረግ አይቀርበትም፤ «የቋንቋ ችሎታ አይጠይቅም» ይላል። ሐረጉ ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። ጀርመንኛ ሳይችል በሕጋዊ የሥራ ቪዛ በርሊን የገባ የኮምፒውተር ባለሙያ አለ፤ ዐረብኛ ሳይችል በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ነርስም አለ። ሆኖም አንድ ባለሙያ ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በሙያው ውጭ አገር እስኪሠራ ድረስ ቋንቋ የሚጠየቅበት ቦታ አራት ነው። ቪዛውን የሚሰጠው መንግሥት ይጠይቃል፤ የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ይጠይቃል፤ አሠሪው ይጠይቃል፤ በመጨረሻም ማንም ሳያነሣው የሚፈረመው ውል ራሱ ይጠይቃል። ከአራቱ በአንዱ ላይ የማያስፈልገው ቋንቋ በሌላው ላይ የግድ ሊሆን ስለሚችል፣ ደላላም ሆነ ኤጀንሲ ይህን ሐረግ ሲናገር «የቱ ላይ ነው የማያስፈልገው?» ብሎ መልሶ መጠየቅ ያሻል።

ከቪዛው እንነሣ። እዚህ ላይ የአገራቱ ሕግ እጅግ ስለሚለያይ ስለ «አውሮፓ» ወይም ስለ «ውጭ» በጅምላ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው። ጀርመን የሠለጠኑ ባለሙያዎችን የሚመለከተውን የፍልሰት ሕጓን እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላ፣ ከኅዳር 2023 እስከ ሰኔ 2024 ባለው ጊዜ በየደረጃው አላልታዋለች። ተቀባይነት ያለው ዲግሪ ይዞ ከትምህርቱ ጋር የሚመጥን ሥራ ያገኘና ደመወዙ በሕግ ከተቀመጠው ወለል ያላነሰ ሰው የሚያገኘው «ብሉ ካርድ» የሚባል የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ የጀርመንኛ ፈተና አይጠየቅበትም። ወለሉ በየዓመቱ የሚታደስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ለ2025 በዓመት 48,300 ዩሮ፣ የሰው እጥረት ላለባቸው ሙያዎች ደግሞ 43,759.80 ዩሮ ነበር። የኮምፒውተር ባለሙያ ዲግሪ ባይኖረው እንኳ ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ የሦስት ዓመት ልምድ ካካበተ በዚሁ መንገድ ሊስተናገድ ይችላል። ስለዚህ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ግቢ በሶፍትዌር የተመረቀ ወጣት ማስታወቂያውን ቢያምን፣ ቪዛውን በተመለከተ አልተታለለም። ማስታወቂያው የሚያልፈው እንግሊዝኛውን ነው፤ ጀርመንኛ የማይጠይቅ ድርጅት ስብሰባውንም ሰነዱንም በእንግሊዝኛ የሚያካሂድ ድርጅት ነውና ወጣቱ ገና በቃለ መጠይቁ ላይ ይፈተናል።

ሥራ ሳይያዝ ሄዶ ለመፈለግ የሚያስችል ሌላ መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የሚሰጠው «ቻንሰንካርተ»፣ በእኛ አነጋገር የዕድል ካርድ፣ ዲግሪ ወይም ቢያንስ የሁለት ዓመት የሙያ ሥልጠና ኖሮት ማስረጃው በሠለጠነበት አገር መንግሥት የታወቀለት ሰው በጀርመንኛ ኤ1 ወይም በእንግሊዝኛ ቢ2 ደረጃ ካለው እንዲያመለክት ይፈቅድለታል። እነዚህ ፊደልና ቁጥሮች የአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ ደረጃዎች ናቸው። ከኤ1 ጀምረው በኤ2፣ በቢ1፣ በቢ2 እና በሲ1 አልፈው ሲ2 ላይ ያበቃሉ፤ ኤ1 ራስን ማስተዋወቅና ዋጋ መጠየቅ ሲሆን፣ ቢ2 በሙያ ጉዳይ ላይ ሳይደናገሩ መከራከር ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። ካርዱ ከዚህ በተጨማሪ በዕድሜ፣ በልምድ፣ በቋንቋና በመሳሰለው ተደምሮ ቢያንስ ስድስት ነጥብ ይጠይቃል። ሕጉ ለየትኛው ቋንቋ እንደሚያደላም በዚህ ይታያል፤ ጀርመንኛ በቢ2 ደረጃ ሦስት ነጥብ ሲያስገኝ እንግሊዝኛ በሲ1 ደረጃ እንኳ ከአንድ ነጥብ አያልፍም። አመልካቹ መተዳደሪያ እንዳለውም ማሳየት አለበት፤ መጠኑ እ.ኤ.አ. በ2025 በወር 1,091 ዩሮ ነበርና ለዓመት 13,092 ዩሮ ይሆናል። ካርዱን የያዘ ሰው ቋሚ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ብቻ መሥራት ይፈቀድለታል። በእኔ ግምት ይህ መንገድ ገንዘቡ በእጁ ላለው ሰው እንጂ የቤተሰቡን መሬት አስይዞ ለሚበደር ሰው የተሠራ አይደለም።

ሌሎቹን አገሮች በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 በጀመረችው የባለ ክህሎት ሠራተኞች ቪዛ ከሙያ ፈተናው ጎን ኤን4 የሚባለውን፣ ከታች ሁለተኛ ደረጃ የሆነውን የጃፓንኛ ፈተና ወይም አቻውን ትጠይቃለች፤ ስለዚህ «ጃፓን፣ ቋንቋ አይጠይቅም» የሚል ማስታወቂያ ስለዚህ ቪዛ የሚናገር ከሆነ ውሸት ነው። ካናዳ «ኤክስፕረስ ኢንትሪ» በሚባለው የቋሚ ነዋሪነት ማመልከቻ ሥርዓት በኩል የምትቀበለው ባለሙያ ሁሉ የእንግሊዝኛ ወይም የፈረንሳይኛ ፈተና ውጤት ማቅረብ አለበት፤ በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው እንኳ ከዚህ ነጻ አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ መማራችን ለፈተናው ዝግጅት ይጠቅማል እንጂ ፈተናውን አይተካም።

ሁለተኛው በር የሙያ ፈቃድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ነው። ሙያዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹን ለመሥራት የአገሩ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስትና የመሳሰሉት ከዚህ ወገን ናቸው። ሌሎቹ ግን አሠሪው እስከተስማማ ድረስ ፈቃድ የማያሻቸው ናቸው። በጀርመን አንዲት ነርስ ሙሉ የሙያ እውቅና ለማግኘት በአብዛኞቹ ክፍላተ ግዛት ጀርመንኛ ቢ2 ያስፈልጋታል፤ ሐኪም ከዚያ አልፎ በሲ1 ደረጃ የሚሰጥ የሕክምና ቋንቋ ፈተና ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ወዲህ ደግሞ ከአሠሪው ጋር የእውቅና ስምምነት የፈረመ ባለሙያ በኤ2 ብቻ ገብቶ እውቅናውን እዚያው ሆኖ እንዲጨርስ የሚያስችል አሠራር አለ። «ኤ2 ይበቃል» የሚል ደላላ ካጋጠመ የሚናገረው ምናልባት ስለዚህ ይሆናል፤ ግን ኤ2 የሚበቃው ለመግባት ነው፤ ነርስ ተብሎ ለመሥራት ቀሪው መንገድ ይቀራል፤ እስከዚያው ድረስ የሚከፈለውም ብዙውን ጊዜ የረዳት ደመወዝ ነው።

ይህ ጥብቅነት ቢሮክራሲ ብቻ የሚመስለው ሰው ደሴ ሆስፒታል አንድ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ያዳምጥ። ከገጠር የመጡ እናት «ልቤን ያጥወለውለኛል» ይላሉ፤ አማርኛን ከመዝገበ ቃላት የተማረ ነርስ የልብ ምት ሊለካ ይሮጣል፤ እናትየው ግን የሚሉት ማቅለሽለሽ ነው። «ሆዴን ይነፋኛል»፣ «ሆዴን ይቆርጠኛል»፣ «ሆዴን ያቃጥለኛል» ለአንድ ነርስ ሦስት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፤ ለቋንቋው እንግዳ ግን ሦስቱም ሆድ ናቸው። የጀርመን አዛውንት በሽተኛም በራሱ ቋንቋ እንዲሁ ነው የሚናገረው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለው ሁኔታ ይለያል። የጤና ባለሙያዎች የማስረጃ ማጣራት፣ «ዳታፍሎው» የሚባለውን፣ ካለፉ በኋላ የሚወስዱት የፈቃድ ፈተና በእንግሊዝኛ ነው፤ የሆስፒታሎቹ መዝገብ አያያዝም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። እዚያ «ዐረብኛ አያስፈልግም» የሚለው ንግግር ለቅጥሩ እውነት ነው፤ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ሲደረስ ግን እውነትነቱ ይሳሳል።

ስለ እንግሊዝ አንድ ነገር ለይቶ መናገር ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ እጥረት አለባቸው ተብለው በዓለም ጤና ድርጅት ከተዘረዘሩት አገሮች አንዷ ናት፤ እንግሊዝም ይህንኑ ዝርዝር ተከትላ ቀጣሪዎችና ኤጀንሲዎች ወደነዚህ አገሮች መጥተው ነርስና ሐኪም እንዳይመለምሉ በሥነ ምግባር ደንቧ ከልክላለች። አንድ ነርስ በራሱ ተነሣሽነት ክፍት የሥራ ቦታ አይቶ ቢያመለክት አይከለከልም። ነገር ግን ሆቴል አዳራሽ ተከራይቶ «ለእንግሊዝ ነርሶች እንመለምላለን» የሚል ኤጀንሲ ደሴ ላይ ቢታይ ደንቡ የከለከለውን እያደረገ ነው ማለት ነው። የአገሪቱ የነርሶች ምክር ቤት የሚጠይቀው የእንግሊዝኛ ውጤትም ቀላል አይደለም፤ አይኢኤልቲኤስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና 7.0፣ በጽሑፍ ክፍሉ ደግሞ 6.5 ነው።

ቢ2 ለመድረስ የሚወስደውን ጊዜ ማስላት ይቻላል። የጀርመን የቋንቋና የባህል ተቋም የሆነው ጎተ ኢንስቲትዩት ለዚህ የጀርመንኛ ደረጃ የሚገምተው ከ600 እስከ 800 የሚደርስ ባለ 45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ነው። በሰዓት ሲመነዘር ከ450 እስከ 600 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ለሚማር ሰው ከ45 እስከ 60 ሳምንት መሆኑ ነው፤ ያውም ሳይቋረጥ። ኢንስቲትዩቱ ያለው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ ደሴ ሆኖ በኢንተርኔት የሚማር ሰው ለፈተናው 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ማሰብ አለበት። «በሦስት ወር ቢ2» የሚል ማስተማሪያ ቤት ቢያጋጥም ይህን ስሌት አውጥቶ ማሳየት ይበቃል።

ሦስተኛው በር ሥራው ራሱ ነው። ቋንቋ ሳይችል በሙያው የተሻለ ዕድል ያለው ሰው የሥራው ውጤት በዓይን የሚታይና በመሣሪያ የሚለካ ሰው ነው። በያጁን እንውሰድ። ኮምቦልቻ ላይ በብረታ ብረት ሥራ ያደገ ጥሩ በያጅ የውጭ አገር ፈተና ሲቀርብለት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው አንድ ቁራጭ ቱቦ ነው። ቱቦው በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይታሰራል፤ አይዞርም፤ በያጁ ዙሪያውን ተለጥጦም ተንበርክኮም ይበይደዋል፤ «6ጂ» የሚሉት ይህንን ነው። ከዚያ ብየዳው በኤክስሬይ ይነሣል ወይም ተቆርጦ ይታጠፋል። እዚህ ላይ መልስ የሚሰጠው ብረቱ ነው። በኤሌክትሮዱ ላይ የተጻፈው 7018 የሚል ቁጥርም በየትኛውም አገር አንድ ነገር ይናገራል፤ 70 በአንድ ስኩዌር ኢንች 70,000 ፓውንድ የሚደርስ የመሸከም አቅም፣ 1 በሁሉም አቅጣጫ መበየድ የሚቻል መሆኑን፣ 8 ደግሞ ከእርጥበት መጠበቅ ያለበት ዝቅተኛ ሃይድሮጅን ሽፋን መሆኑን ያሳያል። በንድፉ ላይ ያሉት የብየዳ ምልክቶችም ዓለም አቀፍ ደረጃ አላቸው። ንድፍ በትክክል የሚያነብ በያጅ ከጎኑ ካለው ፊሊፒናዊ ጋር አንድም የጋራ ቃል ሳይኖረው አንድ ታንከር አብሮ ሊገጥም ይችላል።

ንድፉ የማይናገረው ግን አለ። ከራስ በላይ ክሬን ሲዞር የሚጮኸው ሰው በምልክት አይጮህም። ታንከር ውስጥ ገብቶ ከመበየድ በፊት ጋዙ መለካቱን፣ መብራቱ የተቆረጠው በማን ቁልፍ እንደሆነ፣ የመግቢያ ፈቃዱ የሚያበቃው በስንት ሰዓት እንደሆነ የሚገልጸው ወረቀት በአገሩ ቋንቋ ወይም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የሠለጠነ እጅ ያለው ሰው ሙሉ ቋንቋ ለመማር ጊዜ ባይኖረው እንኳ ሃምሳ ያህል የአደጋና የመሣሪያ ቃላት ይዞ መሄድ አለበት፤ «ቁም»፣ «ውጣ»፣ «እሳት»፣ «ጋዝ»፣ «አትንካ»፣ «አልገባኝም»። የመጨረሻዋ ቃል ከሁሉም በላይ ታስፈልጋለች፤ ያልገባቸው ነገር ላይ ራሳቸውን የሚነቀንቁ ሰዎች ናቸው ቀድመው የሚጎዱት።

አሠሪው ሰውየውን ሳያይ የሚያየው የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ነው። «በመልካም ሥነ ምግባር አገልግለዋል» የሚለው የተለመደ ደብዳቤ ለውጭ አሠሪ ምንም አይናገርም። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ሆኖ የትኛውን የብየዳ ዓይነት፣ በምን ውፍረት ብረት ላይ፣ በየትኛው ማሽን፣ ከስንት እስከ ስንት ጊዜ እንደሠራ ቢዘረዝር የቋንቋውን ጉድለት ግማሽ ይሸፍናል። የቀን አቆጣጠሩ ላይ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። ዲግሪው እ.ኤ.አ. በ2019 ተመርቋል ሲል፣ የሥራ ልምዱ በእኛ አቆጣጠር «ከ2012 ጀምሮ» ቢል፣ የውጭው ሰው የሚያነበው ከመመረቁ ሰባት ዓመት በፊት ተቀጠረ ብሎ ነው፤ ማመልከቻውም በሐሰተኛ ማስረጃ ሊጠረጠር ይችላል። ደብዳቤው ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ማስጻፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

አራተኛው ውሉ ነው። እዚህ ላይ ያየሁትን ልናገር። አንድ የሰፈራችን በያጅ ከአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር የመጣለትን ወረቀት ይዞ ደስ ብሎት መጣ። በእንግሊዝኛው በኩል «ዌልደር» ይላል። አያቱ ዕድሜያቸውን ቁርአን ሲያስቀሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው በዐረብኛው በኩል «ሚህና» ከሚለው፣ ማለትም ሙያ ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለውን ፊደል በፊደል ቆጠሩት፤ ዓይን፣ አሊፍ፣ ሚም፣ ላም። «ልጄ፣ እዚህ የተጻፈው ‹ሠራተኛ› ነው፤ ብየዳ የሚል አላየሁበትም» አሉት። ትክክል ነበሩ። «ዐሚል» ማለት ሠራተኛ ነው፤ በያጅ «ለሓም» ነው፤ ፊደሎቹም ላም፣ ሓ፣ አሊፍ፣ ሚም ናቸው። በሳዑዲ ዐረቢያም ሆነ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የሥራ ውል በሁለት ቋንቋ ተጽፎ ሲለያይ ሕጉ የሚቀበለው ዐረብኛውን ነው። ስለዚህ ያ ወጣት ቢፈርም ኖሮ የሄደው በጉልበት ሠራተኛነት ነው፤ ስለ ደመወዙም ሆነ ስለ ሥራው ዓይነት ቢከራከር የሚመዘነው በዐረብኛው ቃል ነበር።

ወሎ ውስጥ መድረሳ ያለፈ፣ የዐረብኛ ፊደል የሚለይ ሰው በየቤቱ አለ። ይህ ከሌላ አካባቢ ሰው በተሻለ የያዝነው ነገር ነው፤ ነገር ግን ወሰኑን ማወቅ ይገባል። ፊደሉን አንብቦ ማኽተም ትርጉሙን ማወቅ አይደለም፤ የኪታብ ዐረብኛም በሪያድ ጎዳና ከሚነገረው በብዙ ይለያል። ለውል ግን የጽሑፉ ዐረብኛ ነው የሚፈለገው፤ አምስት ስድስት ቃላትን መለየት ብዙ ያድናል፤ «ሚህና» ሙያ፣ «ራቲብ» ደመወዝ፣ «ዐቅድ» ውል፣ ቀጥሎም የሙያው ስም ራሱ። የቀረውን ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ይተርጉመው፤ ተርጓሚው ግን የኤጀንሲው ሰው መሆን የለበትም።

ስለ ገንዘብ የአገራችን ሕግ ግልጽ ነው። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 የተሻሻለው፣ የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድንና የመድን ዋስትናን ወጪ በአሠሪው ላይ ይጥላል። ሠራተኛው የሚሸፍነው ፓስፖርቱን፣ የሕክምና ምርመራውንና ክትባቱን፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጸውን ማስረጃና የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለውን ነው። ተቀባይ አገሮችም ተመሳሳይ ክልከላ አላቸው፤ ካናዳ የውጭ ሠራተኛ ለመቅጠር ለሚደረገው የሥራ ገበያ ግምገማ የምታስከፍለውን 1,000 የካናዳ ዶላር የሚከፍለው ቀጣሪው ሲሆን ከሠራተኛው ማስመለስ አይችልም፤ የኤምሬቶቹም የሠራተኛ ሕግ የምልመላ ወጪን ከሠራተኛ መሰብሰብን ይከለክላል። ቋንቋ የማይችል ሰው «የማስተርጎሚያ»፣ «የቋንቋ ማለፊያ» እየተባለ የሚጠየቀው ገንዘብ በእነዚህ ዝርዝሮች ውስጥ የለም።

ባለሙያ የሆነ ሰው ደግሞ ኤጀንሲ ብቻውን መንገዱ እንዳልሆነ ቢያውቅ መልካም ነው። አዋጁ ቀጥታ ቅጥርን በመርሕ ቢከለክልም፣ ከቤት ሠራተኝነት ውጪ ያለ ሥራን በራሱ ጥረት ላገኘ ሰው ሚኒስቴሩ ሊፈቅድለት እንደሚችል ይደነግጋል። ዛሬ ጉዳዩን የሚይዘው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ጀርመንን የሚያስብ ሰው የፌዴራል መንግሥቱ ራሱ በከፈተው «ሜክ ኢት ኢን ጀርመኒ» በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ሥራዎቹንና የየሙያውን የቋንቋ ግዴታ ያለ ደላላ ማየት ይችላል። ውሉ ሲጸድቅ በሚገባው ቋንቋ የተተረጎመውንና ዋናውን አብሮ አባዝቶ፣ አንዱን ቅጂ ፊደሉን ማንበብ ለሚችል የቤተሰብ ሰው ደሴ ላይ ትቶ መሄድ ይገባዋል፤ ስልክ በሚነጠቅበት ወይም ፓስፖርት በሚያዝበት ቀን ኤምባሲ ዘንድ የሚቀርበው ያ ወረቀት ነው።